በአንድ ክሊፕ ጦስ ፓራውልት አይሰበር!

የመኪናችሁ ፓራውልት ጥጉ ላይ ወረድ፣ ገንጠል ብሏል? ግጭት ላይሆን ይችላል። አንድ ሁለት ክሊፕ ጎድሎት ይሆናል።

ክሊፕ ስል ያቺን ጥቁር፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ፕላስቲክ ማለቴ ነው። አንድ ጎረቤቴ አምፖል ሊያስቀይር ጋራዥ ይገባል። ሠራተኛው ካቻቢቴውን ሰክቶ በጉልበት ጎተተው… ክሊፗም የፓራውልቱ ጆሮም አብረው ቀጭ! ክሊፕ በርካሽ ይተካል። ጆሮው የተሰበረ ፓራውልት ግን ወይ ይበየዳል፣ ወይ ይቀየራል። አምፖል ሊቀይር የሄደ ሰው የፓራውልት ዋጋ ሲጠይቅ ዋለላችሁ!

እናላችሁ፣ እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጭቃዋን በውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ከዚያ መሐሏን ልብ ብላችሁ እዩ።

መሐለኛዋ ጠርዟ ላይ ክፍተት ካላት፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እሷን ብቻ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ስትነሳ የውስጥ እግሮቿ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ሙሉ ክሊፗ ትወጣለች።

መፈልቀቂያ ከሌላትና መሐሏ ጎድጎድ ካለ የምትገፋዋ ዓይነት ናት። በቀጭን ነገር ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ግፉ፤ “ቀጭ” ስትል ይብቃችሁ። ካለፈ መሐለኛዋ ውስጥ ወድቃ ትቀራለች።

የመስቀል ምልክት ካላት እንደ ቪቴ ወደ ግራ አዙሩ። ዝም ብላ ከተሽከረከረች፣ ከሥሯ ከፍ እያደረጋችሁ አዙሩ።

መሐለኛ የሌላትን፣ እግሯ እንደ ጥድ ቅርንጫፍ የተደራረበውን፣ ሁለት ጥርስ ባለው መንቀያ ከአንገቷ ሥር ፈልቅቁ። ይቺኛዋ ብዙ ጊዜ ስለምትሰበር ምትክ ያዙ።

ቀለም እንዳይፋቅ የካቻቢቴውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሉት። ብርድ ከሆነ ፕላስቲክ ስለሚሰባበር ሙቅ ውኃ አፍስሱበት። ክሊፖቹ ወጡ ብላችሁም ፓራውልቱን እንዳትጎትቱት! የቀረ ብሎን፣ የጭጋግ መብራት ሽቦም ሊኖር ይችላል።

ስትመልሱ፣ የተገፋችዋን መሐለኛ መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጧት፤ ክሊፗን ቀዳዳው ውስጥ ክተቱና ከላዩ እኩል እስክትሆን ግፏት። ምትክ ስትገዙ አሮጌዋን ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ በ1 ሚሊሜትር ልዩነት አልገጥም ትላለች።

“በሽቦ እናስረው” የሚላችሁን አትስሙ። ሽቦ ቀዳዳውን እየበላ ያሰፋዋል። ጭራሽ ባዶ መተው ደግሞ የባሰ ነው፤ የጎማ ቤቱ ሽፋን ተላቆ፣ በፍጥነት እየነዳችሁ ጎማ ሲይዝ አስቡት። የክሊፕ ዋጋ ያኔ ነው የሚታወቀው።