ራውተር ከመግዛትዎ በፊት ካርቶኑን ሳይሆን ቤትዎን ይለኩ

መርካቶም ሆነ መገናኛ ራውተር ፍለጋ ብቅ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ቁጥር ነው። ይኼ ባለ 1200፣ ያኛው ባለ 1800፣ ወዲያ ያለው ባለ 3000 ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። ገዥውም ትልቁን ቁጥር ሲገዛ ፈጣን ኢንተርኔት የገዛ ይመስለዋል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲተመን ከብዷልና ይህ ስህተት ኪስ ይጎዳል።

ለመሆኑ ቁጥሩ ምንድን ነው? ባለ 1200 የሚባለው ራውተር በሁለት ሞገድ ይሠራል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ 867 ሜጋ ቢት በሰከንድ ተደምሮ ወደ 1200 ተጠጋግቷል። አንድ ስልክ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንዱን ሞገድ ብቻ ነው። ቁጥሩም በስሌት የተገኘ ጣሪያ እንጂ ሳሎን ውስጥ የሚገኝ ፍጥነት አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ወሳኙ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ነው። ውልዎ 25 ሜጋ ከሆነ ባለ 3000 ራውተር ቢገዙም ከኢንተርኔት የሚያገኙት ከ25 አይበልጥም። አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። ማታ አምስት ሰው ቪዲዮ ከከፈተ መስመሩ አለቀ ማለት ነው። ከዱባይ ወይም ከጓንዡ አቅራቢ ጋር ዋጋ ሲደራደሩ ጥሪው የሚቆራረጠውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በመሆኑም ገበያ ከመውጣትዎ በፊት፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔቱን በማይጠቀምበት ሰዓት፣ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዘው ፍጥነቱን ይለኩ። ቀጥሎ እዚያው አጠገብ በዋይፋይ፣ በመጨረሻም ከሩቁ መኝታ ቤት ይለኩ። በኬብልም ከውልዎ በጣም ያነሰ ከሆነ አቤቱታው ለቴሌኮም ኩባንያው ነው። በኬብል ውልዎን ካገኙና ማታ ብቻ የሚጨናነቅ ከሆነ ከፍ ያለ ፓኬጅ ያስቡ። በኬብል ደህና ሆኖ መኝታ ቤት ሲደርስ ከሞተ ግን ችግሩ ዋይፋዩ ነው።

ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ራውተሩን ከጥግ አንስተው መሀል ቤት ያድርጉት፤ ወጪ የለውም። 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ቢሆንም ብሎኬትና አርማታ ያዳክሙታል። 2.4 ጊጋኸርትዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ሆኖም የማይደራረቡት ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤት ጋር ይጋፋል። ፎቅ ላለው ቤት ከአንድ ውድ ራውተር ይልቅ ላይኛው ፎቅ ላይ በኬብል የሚገናኝ ሁለተኛ መሣሪያ ይሻላል። በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፈው ማራዘሚያ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑና የጥበቃ ካሜራው ለበዛበት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ማረጋገጫ መሰጠት የጀመረው ዋይፋይ 6 ዋጋ አለው። የቀድሞዎቹ በአመዛኙ እንደ ኮንትራት ታክሲ አንድ በአንድ ሲያደርሱ፣ ይኼኛው እንደ ሚኒባስ ብዙውን በአንድ ጉዞ ይጭናል። ጥቅሙ ሙሉ የሚሆነው ግን ስልኮቹም ዋይፋይ 6 ከሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣውን ዋይፋይ 7 ለመግዛት ለአብዛኛው ቤት የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የኬብል ቀዳዳዎቹ ጊጋ ናቸው ወይስ 100 ሜጋ? ባለ 1200 ተብለው ቀዳዳቸው 100 የሆኑ አሉ። ሁለተኛ፣ ከመስመርዎ ጋር ይገጥማል? በስልክ ገመድ የሚገባ መስመር ሞደም ይፈልጋል፤ ፋይበር ከሆነ አዲሱ ራውተር በኬብል የሚያያዘው ከተተከለልዎ ሣጥን ላይ ነው። ሦስተኛ፣ አምራቹ አሁንም የሶፍትዌር ማሻሻያ ይሰጠዋል? የባንክ ሒሳብዎን በስልክ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ ማሻሻያ የተቋረጠበት ያገለገለ ዕቃ ርካሽ አይደለም።

ውሃ የሚወርደው በቧንቧው ጠባብ ቦታ ልክ ነው። ገንዘብዎንም ጠባቡን ቦታ ለይተው እዚያ ላይ ያውሉት።