የሻያችን ስኳር

ዛሬ የማወራችሁ በእርግዝና ጊዜ ስለሚመጣው የስኳር በሽታ ነው። ብዙዎቻችን ጥቂት ሠርተን አገር ገብተን እንወልዳለን፤ አንዳንዶቻችንም እዚሁ ትዳር ይዘናል። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

እኔ የተማርኩት እዚህ አር-ሪስ ከማዳሜ ነው። ስድስት ወር ሲሆናት ሐኪም ቤት ጣፋጭ ውኃ አጠጥተው ደሟን መረመሩና ስኳር አገኙባት። ምንም አላመማትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩዙን ቀነስኩላት፣ ቪምቶና ባስቡሳ ቀረ፣ ምስርና ሰላጣ በዛ። ማታ ማታ በእግሯ ትሄድ ጀመር። በሰላም ወለደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ከደም ወደ ሰውነታችን የሚገባው ቆሽት በሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። በእርግዝና ጊዜ ከእንግዴ ልጁ የሚወጡ ሆርሞኖች የኢንሱሊኑን ሥራ ያዳክማሉ። ቆሽት ካልቻለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ጽንሱ ያልፋል። ልጁ ከመጠን በላይ ይገዝፋል፣ ምጡም ይከብዳል። ከማርገዟ በፊት የወፈረች፣ በዘሯ ስኳር ያለባት፣ ቀድሞ በጣም ትልቅ ልጅ የወለደች ይበልጥ ትጋለጣለች። ቀጭኗንም ግን ሊይዛት ስለሚችል ማንንም አንውቀስ።

ለማዳሜ ስለካ የራሴንም ቆጠርኩ። ለድካሜ ብዬ በቀን አምስት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ፤ 15 ሆነ። በሙቀቱ የምጠጣው አንድ ቆርቆሮ ኮካ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ 9 ማንኪያ ነው። ድምሩ 24! የዓለም ጤና ድርጅት ግን በቀን ከ12 ማንኪያ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ6 እንዳያልፍ ይመክራል። «እንዳይደፋ» እያልን የምንጨርሰውን የማዕድ ትራፊ ኩናፋ ገና አልቆጠርኩም።

እኔ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ አሁን አንድ ላይ ደርሻለሁ። ለጥም ውኃ ጠጡ። ጭማቂና ማርም ያው ስኳር ናቸው።

ያረገዘች እኅት ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ባያማትም እንኳ ምርመራውን ትጠይቅ። በዐረብኛ «ሱከሪ አል-ሐምል» ይሉታል። ከተገኘባት ራሷን አታስርብ፤ መጾም ብትፈልግም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ኢንሱሊን ቢያዙላትም አትፍራ፤ ልጁን አይጎዳውም። ከወለደች በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ እንደገና ትመርመር፤ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ ጋር ቢጠፋም፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ላረገዘች እኅት አቀብሏት። ደኅና ሁኑ።