የዘገየ ሰነድ፦ የኪንግ ካውንቲን መዝገብ የማየት መብት

እ.ኤ.አ. በ1997 የዋሽንግተን ግዛት መራጮች አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ለሲያትሉ ሲሃውክስ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አዲስ ስታዲየም ለመሥራት እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ጁን 17 ነበር። ቀኑ ሊደርስ 18 ቀን ሲቀረው አርመን ዩሱፊያን የተባሉ ነጋዴ ለኪንግ ካውንቲ አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ። ካውንቲው ስለ ስታዲየም ያሠራቸውን ጥናቶች ማየት እፈልጋለሁ የሚል ነበር።

ድምፁ ተሰጠ፤ ሐሳቡም በ51 በመቶ ገደማ አለፈ። ሰነዶቹ ግን ተሟልተው አልተሰጡም። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያለ ሰጠ፤ ያለውን የለም አለ፤ ጠያቂውንም ወደተሳሳተ ቦታ መራ። ዩሱፊያን በ2000 ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ ከታችኛው ፍርድ ቤት ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ ኖሮ በ2010 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቋጨው። ሰነዶቹ በየምድባቸው የዘገዩባቸው ቀናት ሲደመሩ 8,252 ሆኑ። ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ቀን 45 ዶላር አሰበና ካውንቲው 371,340 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። በዚያን ጊዜ ስታዲየሙ ተሠርቶ ጨዋታ ማስተናገድ ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

ቅጣቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ሰነዱ የተፈለገው ድምፅ ከመስጠት በፊት ለማወቅ ነበር፤ ያንን ዕድል የትኛውም ገንዘብ አይመልሰውም። የሕዝብን መዝገብ የማየት መብት ዋና ፈተናው እዚህ ላይ ነው። መብቱ በሕግ ተጽፏል፤ ፍርድ ቤትም ያስከብረዋል። ዋጋ የሚኖረው ግን ሰነዱ ሥራ ላይ ሊውል በሚችልበት ጊዜ ከእጅ ሲገባ ነው።

ካውንቲ በከተማና በግዛት መካከል ያለ የመንግሥት እርከን ነው። ዋሽንግተን 39 ካውንቲዎች አሏት። ሲያትልን የያዘው ኪንግ ካውንቲ በሕዝብ ብዛት ከሁሉም ይበልጣል፤ በ2020 ቆጠራ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ከነዚህ መካከል በሬኒየር ሸለቆ፣ በተክዊላ፣ በሲታክ፣ በሬንተንና በኬንት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። የቤታቸውን የግብር ግምት የሚተምነው፣ ምግብ ቤታቸውን የሚመረምረው፣ የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ የሚያሠማራውም ይኸው ካውንቲ ነው።

ብዙ ሰው ከመንግሥት ሰነድ ለመጠየቅ ሲያስብ አስቀድሞ የሚሰማው በ1966 የወጣውን የፌዴራል የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው። ያ ሕግ የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ በመሆኑ ካውንቲን አይነካም። ለካውንቲ የሚሠራው የየግዛቱ ሕግ ነው። የዋሽንግተኑን ሕግ ያወጡት ደግሞ መራጮቹ ራሳቸው ናቸው። በኖቬምበር 1972 “ኢኒሼቲቭ 276” በሚል ስም ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከመራጮቹ 72 በመቶ ያህሉ ደግፈውታል። ሕጉ ሕዝቡ ሉዓላዊነቱን ለሚያገለግሉት መሥሪያ ቤቶች አሳልፎ እንዳልሰጠ በግልጽ ይደነግጋል። የማስረዳት ሸክሙንም መሥሪያ ቤቱ ላይ ይጥላል። ዜጋው ሰነዱ ለምን እንደሚገባው አይጠየቅም፤ ሰነዱን የከለከለው ክፍል ግን ለምን እንደከለከለ ማስረዳት አለበት።

ጠያቂው መታወቂያ ወይም ዜግነት አይጠየቅም፤ የካውንቲው ነዋሪ መሆንም አይጠበቅበትም። ሰነዱን ለምን እንደሚፈልገው ሊጠየቅ የሚችለው በጥቂት ሁኔታዎች ነው። ለምሳሌ የሰዎችን ስም ዝርዝር ለንግድ ለማዋል የሚደረግ ጥያቄ በሕግ ስለተከለከለ ይህን ማጣራት ይፈቀዳል። ነዋሪ ያልሆነም መጠየቅ መቻሉ ግን በሁሉም ግዛት አይሠራም። በቨርጂኒያ ሕጉ የሚያገለግለው በዋናነት ለግዛቱ ነዋሪዎች ነው። ከሌላ ግዛት ሆኖ የሄንራይኮ ካውንቲን የንብረት ግብር መዝገብ ጠይቆ የተከለከለ ሰው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ ነበር። ዳኞቹ በ2013 በሙሉ ድምፅ ቨርጂኒያ ይህን ገደብ መጣል ትችላለች ሲሉ ፈረዱ።

ጊዜ በከንቱ ከሚያልፍባቸው መንገዶች የመጀመሪያው የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። የሲያትል ፖሊስ የከተማው እንጂ የካውንቲው አይደለም። የሲታክ ከተማ ግን የፖሊስ አገልግሎት የሚያገኘው ከካውንቲው ሸሪፍ ጋር በገባው ውል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በሲያትል ወደብ አስተዳደር ሥር ነው። ሜትሮ አውቶቡስ የካውንቲው ሲሆን ቀላል ባቡሩ ደግሞ ሳውንድ ትራንዚት የሚባለው የሌላ ተቋም ንብረት ነው። በካውንቲው ውስጥም ቢሆን የሸሪፉ፣ የዐቃቤ ሕጉ፣ የንብረት ገማቹና የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መዝገቦች በየክፍላቸው የተያዙ ናቸው። ሕጉ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሰነድ ጥያቄ የሚቀበል ኃላፊ ሰይሞ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ጥያቄው መላክ ያለበት ለዚህ ሰው ነው።

ብዙ ሰነድ ደግሞ ያለ ማመልከቻ ይገኛል። የቤትና የመሬት ግምት፣ የጎረቤት ቤት የተሸጠበት ዋጋ፣ የምግብ ቤት የጤና ምርመራ ውጤት ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል። የቤት ግምት በዝቶብኛል የሚል ባለንብረት ማስታወቂያው ከተላከለት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። የተመሳሳይ ቤቶችን የሽያጭ ዋጋ ከገማቹ ድረ ገጽ ራሱ ቢያወጣ የማንንም ምላሽ መጠበቅ አያስፈልገውም። የቤት ሽያጭ ውልና የጋብቻ መዝገብ በካውንቲው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። የልደትና የሞት የምስክር ወረቀት የራሱ ሕግ አለው፤ ከ2021 ወዲህ ጠያቂው ከባለ ስሙ ጋር ያለውን ዝምድና ማሳየት አለበት። የፍርድ ቤት መዝገብም በዚህ ሕግ አይጠየቅም፤ የሚገኘው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው።

ማመልከቻ ሲያስፈልግ የተለየ ቅጽ ግዴታ አይደለም። ካውንቲው ቅጽ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ በቅጹ አልጻፍክም ብሎ ግን ጥያቄውን አይጥልም። አስፈላጊው ነገር ሰነዱ ተለይቶ እንዲታወቅ አድርጎ መግለጽ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለጥያቄ ማብራሪያ የመስጠትም ሆነ የሌለ ሰነድ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም። በሬኒየር ጎዳና የሚሄደው 7 ቁጥር አውቶቡስ ለምን ይዘገያል ብሎ የጻፈ ሰው ምናልባት ከአዘኔታ በቀር የሚያገኘው የለም። ካለፈው ጃንዋሪ እስከ ጁን ስለ 7 ቁጥር አውቶቡስ የመዘግየት ሁኔታ የተዘጋጁ ሪፖርቶችንና የተጻጻፋችኋቸውን ኢሜይሎች ስጡኝ ያለ ግን በሕጉ ውስጥ ገብቷል። ቀኑን፣ ጉዳዩን፣ ቢቻል የክፍሉን ስም መጥቀስ ፍለጋውን ከወራት ወደ ሳምንታት ሊያወርደው ይችላል።

ጥያቄው ከደረሰ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ብዙ ጠያቂዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሕጉ በ5 ቀን ሰነዱ ይሰጥ አይልም። መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን ሊሰጥ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለበትን ቦታ ሊጠቁም፣ ጥያቄው ግልጽ እንዲሆን ሊጠይቅ፣ ምክንያቱን ጠቅሶ ሊከለክል፣ ወይም ጥያቄህ ደርሶኛል፣ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል ሊል ይችላል። ይህ የመጨረሻው መንገድ ሰፊ ነው። ግምቱ ምክንያታዊ መሆን አለበት ይባላል፤ ምክንያታዊ የሚለውን የሚለካ የቀን ቁጥር ግን የለም። ለዚህ ነው ትልልቅ ጥያቄዎች በየክፍልፋዩ እየተሰጡ ወራት፣ አልፎም ከዓመት በላይ የሚወስዱት። አንዱን ክፍልፋይ መጥቶ ያልወሰደ ጠያቂ ደግሞ ቀሪው ሊዘጋበት ስለሚችል የሚደርሰውን ኢሜይል በንቃት መከታተል ይኖርበታል።

ገንዘቡ እንኳ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሰነዱን ቢሮ ሄዶ ማየት በነፃ ነው። ለቅጂ ሕጉ ያስቀመጠው መነሻ ተመን በፎቶ ኮፒ ለአንድ ገጽ 15 ሳንቲም፣ ለስካን 10 ሳንቲም ነው። ለፍለጋው የሠራተኛ ሰዓት ተቆጥሮ አይከፈልም። በሜሪላንድ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ ነፃ ሆነው ከዚያ በላይ ላለው ሥራ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁሉም ሰነድ አይከፈትም፤ መከፈትም የለበትም። የሕክምና መዝገብ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የሠራተኛ የመኖሪያ አድራሻ፣ በመካሄድ ላይ ያለ የወንጀል ምርመራን የሚያበላሽ መረጃ የተጠበቁ ናቸው። ነገር ግን አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሚስጥራዊ መስመር ስላለ ገጹ በሙሉ አይደበቅም። መስመሩ ይጠቆራል፤ የቀረው ይሰጣል፤ ለተጠቆረውም የትኛው የሕግ አንቀጽ እንደሚፈቅድ ከአጭር ማብራሪያ ጋር ይጻፋል። ጥያቄ የቀረበበት ሰነድ ደግሞ ማቆያ ጊዜው ቢያልፍ እንኳ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ አይወገድም።

በስልክ የተደበቀስ? በጎረቤቱ ፒርስ ካውንቲ አንዲት የሸሪፍ መርማሪ ዋናው ዐቃቤ ሕግ በግል ስልካቸው የላኳቸውንና የተቀበሏቸውን የጽሑፍ መልእክቶች ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ መልእክቱ የሥራ ጉዳይ ከሆነ ስልኩ የግል መሆኑ ሰነዱን የግል አያደርገውም። ሠራተኛው ስልኩን ራሱ ፈትሾ የሥራውን ያስረክባል፤ የቀረው የግል መሆኑን በመሐላ ያረጋግጣል።

ካውንቲዎችም የራሳቸው እሮሮ አላቸው። የግዛቱ ኦዲተር በ2016 ባወጣው ጥናት የዋሽንግተን ግዛትና የአካባቢ መንግሥታት በአንድ ዓመት ከ285,000 በላይ ጥያቄዎችን ለማስተናገድ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ወጪው እውነተኛ ነው፤ በተለይ ሁለት ሦስት ሠራተኛ ብቻ ላላቸው ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ይከብዳል። የግዛቱ ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት ለኤሌክትሮኒክ ቅጂ ክፍያ ፈቀደ፤ ያላችሁን ሰነድ ሁሉ ስጡኝ የሚል ጅምላ ጥያቄና በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚዥጎደጎዱ ጥያቄዎች ውድቅ እንዲደረጉም መንገድ ከፈተ። ይህ ተገቢ ማስተካከያ ነበር። በ2018 ግን ምክር ቤቱ ራሱን ከሕጉ ለማውጣት ረቂቅ አቅርቦ በሁለት ቀን ውስጥ አጸደቀ። ጋዜጦች በፊት ገጻቸው ተቃወሙ፤ ሺዎች ለዚያን ጊዜው አገረ ገዢ ለጄይ ኢንዝሊ ጻፉ፤ እሳቸውም ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ረቂቁን ሻሩት።

በዩሱፊያን ጉዳይ የተገለጠው ችግር ግን የሠራተኛ ማነስ ብቻ አልነበረም። ሠራተኞቹ ስለ ሕጉ አልሠለጠኑም፤ ሰነዱ በየትኛው ክፍል እንዳለም በቅጡ አልፈለጉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ውሳኔው ዳኞች ቅጣት ሲወስኑ የሚመዝኗቸውን ነጥቦች ሲዘረዝር የሠራተኞችን ሥልጠናና የምላሹን ፍጥነት አካትቷል። ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ሆኖ ሳለ ምላሹ መዘግየቱም ይመዘናል። ስለዚህ ለምርጫ፣ ለግብር ይግባኝ ወይም ለሕዝብ ስብሰባ ሰነድ የሚጠይቅ ሰው ቀኑን በማመልከቻው ላይ መጻፉ ይጠቅመዋል። ለምን እንደፈለገ የመናገር ግዴታ ባይኖርበትም ቀኑን መናገሩ በኋላ ማስረጃ ይሆነዋል።

የተከለከለ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል። ያ ካልሆነ ያለው ፍርድ ቤት ነው፤ የመክሰሻው ጊዜም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ያሸነፈ ሰው የጠበቃ ወጪው ይከፈልለታል፤ ዳኛውም በቀን እስከ 100 ዶላር ቅጣት ሊጨምር ይችላል። ይህ ጠንካራ ሕግ ነው። ለሁለተኛ ፈረቃ የሚሮጥ ታክሲ ነጂ ወይም የአረጋውያን ተንከባካቢ ግን ጠበቃ ፈልጎ፣ ክስ መሥርቶ፣ ዓመታት ደጅ ጠንቶ መብቱን ያስከብራል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

ሌሎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ሜሪላንድ በ2015 ጠያቂንና መሥሪያ ቤትን የሚያስማማ እንባ ጠባቂ፣ ከጎኑም ቅሬታ የሚወስን ቦርድ አቋቋመች፤ ከ2022 ጀምሮ የቦርዱን ሥልጣን አስፋፍታለች። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር ሲጣላ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በነፃ አቤት የሚልበት ቦታ አለው። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 590/2000 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መረጃ የማግኘት መብትን ሲደነግግ ክትትሉን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሰጥቷል። በዋሽንግተን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በዚህ ጉዳይ የሚያማክር ጠበቃ ቢኖርም ካውንቲን የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ግዛቱ የቀን ቅጣቱን ሳይነካ በሳምንታት ውስጥ የሚወስን፣ ያለ ጠበቃና ያለ ክፍያ የሚደረስበት እንዲህ ያለ ቦርድ ሊያቋቁም ይገባል። የጁን 1997ቱ ዓይነት ሕዝበ ውሳኔ በሚቀርብበት ወቅት 18 ቀን ለቀረው ጠያቂ የሚደርስለት እንዲህ ያለ አካል ብቻ ነው።