ስለ እንጨት ሕንፃና ስለ ዕውቀቱ ጠባቂዎች

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ወደ ጢሮስ ንጉሥ ወደ ኪራም የላከው የሊባኖስን ዝግባ ለመለመን ብቻ አልነበረም። ከሕዝቡ መካከል እንደ ሲዶና ሰዎች እንጨት መቁረጥ የሚያውቅ አለመኖሩን ገልጾ፣ የኪራም ሰዎች ከእርሱ ሰዎች ጋር አብረው እንዲሠሩም ጠይቋል። ዛፍን ምድር ታበቅለዋለች፤ ሰው ተማምኖ የሚያድርበት ቤት የሚያደርገው ግን ዕውቀት ነው።

በኒው ዚላንድ አገር የሚገኘው የእንጨት ሕንፃ ንድፍ ማኅበር የተቋቋመው ይህንኑ ዕውቀት ለመጠበቅና ለማስፋፋት ነው። ማኅበሩ ከአገሪቱ የመሐንዲሶች ማኅበር ጋር ተባብሮ ይሠራል። ዓላማውም እንጨት ለምሰሶ፣ ለአግዳሚ፣ ለግድግዳና ለጣራ በትክክለኛ ስሌት እንዲውል ማድረግ ነው። ለዚህም የሙያ መጽሔት ያሳትማል፤ ባለሙያዎችንም እየሰበሰበ ያስተምራል።

ኒው ዚላንድ ምድሯ ዘወትር የሚናወጥ አገር ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1848 እና በ1855 በዌሊንግተን ከተማ ታላቅ የመሬት መናወጥ በሆነ ጊዜ፣ ከጡብና ከድንጋይ ከተሠሩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሲፈርሱ የእንጨት ቤቶች አብዛኞቹ ቆመው ተገኙ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ምድር ስትናወጥ ሕንፃውን የሚገፋው ኃይል እንደ ሕንፃው ክብደት ይበረታል፤ እንጨት ግን ቀላል ነው፤ ምስማሩም ጥቂት እየታጠፈ የመናወጡን ኃይል ያበርዳል። ከዚህ በኋላ የከተማው ሰዎች በእንጨት መሥራትን መረጡ። በ1876 የተፈጸመው ባለ አራት ፎቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሁለንተናው እንጨት ነበር። ነገር ግን ሠሪዎቹ የድንጋይ ቤተ መንግሥት መስሎ እንዲታይ አድርገው ጠረቡት። እንጨት ያን ጊዜ ጥቅሙ ቢታወቅም ክብር አልነበረውም።

በ1931 በሆክስ ቤይ አውራጃ በሆነው መናወጥ 256 ሰዎች ሞቱ። በ2011 ደግሞ በክራይስትቸርች ከተማ 185 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህ 115ቱ ያለቁት በአንድ የኮንክሪት ሕንፃ መፍረስ ነው። በእንጨት የተዋቀሩት መኖሪያ ቤቶች ግን ብዙዎቹ ቢጎዱም በነዋሪዎቹ ላይ እምብዛም አልወደቁም። ይህ ማለት ኮንክሪት ክፉ ነው፣ እንጨት ደግ ነው ማለት አይደለም። በዕውቀት ያልተሠራ ነገር ሁሉ አደጋ ነውና።

ለዚህም ምስክሩ የዚያው አገር ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ቀድሞ ከብስባሴ የሚጠብቅ መድኃኒት ይነከር የነበረው የቤት እንጨት ሳይነከር ደርቆ ብቻ እንዲሠራበት ተፈቀደ። በዚያው ዘመን ቤቶች ያለ በቂ የጣራ ክፈፍ፣ ከልባሱም በስተኋላ አየር ማስተላለፊያ ሳይተውላቸው ይሠሩ ጀመር። ዝናቡ ወደ ግድግዳው ገባ፤ መውጫም ስላጣ እንጨቱ ከውስጥ በሰበሰ። በ2009 ለመንግሥት የቀረበ ጥናት፣ 42,000 ያህል ቤቶች እንደ ተጎዱና ጥፋቱ 11.3 ቢሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር እንደሚደርስ ገመተ። መናወጥን የቻለው እንጨት በውሃ ተሸነፈ፤ የተሸነፈውም ጠባዩን የሚያውቁት ሰዎች ምክር ሳይሰማ በመቅረቱ ነው።

የእንጨት ጠባይ ደግሞ ከብረት ይልቅ ረቂቅ ነው። በአበቃቀሉ መሥመር ሲጫኑት ይበረታል፤ መሥመሩን አቋርጠው ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። እርጥበት ያሳብጠዋል፤ ለብዙ ዘመን የተሸከመው ሸክምም ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። ብዙውን ጊዜም ሕንፃው የሚደክመው በግንዱ ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። እሳትን በተመለከተ፣ በአገሪቱ በብዛት የሚተከለው የራዲያታ ጥድ ወፍራም አግዳሚ ሲሆን ፊቱ በየደቂቃው 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል እየከሰለ ይሄዳል፤ ከሰሉም ውስጡን ይሸፍንለታል። እንግዲህ መሐንዲሱ አስልቶ ውፍረቱን ከጨመረ፣ ሰዎች እስኪወጡ ድረስ ሕንፃው ይቆማል። ትምህርቱ ወደ ብረትና ወደ ኮንክሪት ያዘነበለ መሐንዲስ ግን ይህን ሁሉ ከየት ያገኘዋል? የማኅበሩ አስፈላጊነት የሚታየው በዚህ ነው።

ዕውቀቱ በተግባር ሲውል ምን እንደሚያፈራ በ2011 በኔልሰን ከተማ በተከፈተው ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት ታይቷል። ግንዱ በስሱ እየተላጠ፣ በሙጫም እየተደራረበ ከተጣበቀ እንጨት ግድግዳዎቹ ተሠሩ፤ በውስጣቸውም የብረት ዘንጎች አልፈው በኃይል ተወጠሩ። ምድር ብትናወጥ ግድግዳው ከመሠረቱ ጥቂት ብድግ ብሎ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ በግድግዳዎቹ መካከል የገቡት የታጠፉ ብረቶችም ኃይሉን እንዲውጡ ሆኖ ተነደፈ። ይህን ዘዴ ለዓመታት የመረመሩት የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናቸው።

ስለዚህ የሕንፃን ሥርዓት የሚያወጣ ሹም ከዚህ የሚማረው አለ። አንድን የቆየ ጥንቃቄ ወጪን ለመቀነስ ብሎ ከመሻሩ በፊት፣ ጥንቃቄው ለምን እንደ ተደነገገ የሚያውቁትን ጠርቶ መጠየቅ ይገባዋል። እነዚህ ዐዋቂዎች በየቦታው ተበትነው ቢኖሩ ድምፃቸው አይሰማም፤ በማኅበር ተሰብስበው፣ የደረሱበትን ጽፈውና አስተምረው ሲገኙ ግን ሹሙ የሚጠይቀው፣ ወጣቱ መሐንዲስም የሚማርበት አያጣም።