ነፃነትን ማወጅና መንግሥትን ማቆም

«የአሜሪካ መንግሥት መቼ ቆመ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ፥ ብዙውን ጊዜ «እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ሕገ መንግሥቱን ጽፈው አቆሙት» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ያደርጋል።

በ1776 ጁላይ 4 ቀን የጸደቀው ጽሑፍ ዐሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ መለየታቸውን የገለጸ ዐዋጅ እንጂ ሕገ መንግሥት አልነበረም። የመጀመሪያው የጋራ መተዳደሪያቸው በ1781 የጸናው የኮንፌዴሬሽን ውል ነው። በዚህ ውል መሠረት ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ተሰጠ፤ ምክር ቤቱ ግን ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው፥ ከግዛቶቹ ገንዘብ ከመለመን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ውሉን ለማሻሻል የሁሉም ስምምነት ያስፈልግ ስለ ነበር፥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከመቶ አምስት ቀረጥ እንዲጣል የቀረበው ሐሳብ በሮድ አይላንድ እንቢታ ብቻ ወደቀ። በ1786 በማሳቹሴትስ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች መሣሪያ ባነሡ ጊዜም፥ ምክር ቤቱ ጦር ለመላክ አቅም አጣ።

ስለዚህ በ1787 ከዐሥራ ሁለት ግዛቶች የተላኩ 55 መልእክተኞች በፊላደልፊያ ተሰበሰቡ። ጄፈርሰን በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአገሩ መልእክተኛ ስለ ነበረ ከጉባኤው አልተገኘም። የተላኩት አሮጌውን ውል እንዲያሻሽሉ ሲሆን፥ አዲስ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ትንንሾቹ ግዛቶች በሴኔት እኩል ድምፅ፥ ትልልቆቹም በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በሕዝባቸው ልክ መቀመጫ አገኙ። በዚህ ቈጠራ አምስት ባሪያዎች እንደ ሦስት ሰው እንዲቈጠሩ መደረጉ ግን፥ ስምምነቱ ለባለቤቶቻቸው ጥቅም እንጂ ለባሪያዎቹ መብት እንዳልቆመ ያሳያል። ባርነት በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865፥ ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ ነው።

«ሁሉም በአንድ ቃል ተቀበሉት» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከመልእክተኞቹ የፈረሙት 39 ብቻ ናቸው፤ በኒውዮርክም ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ30 ድምፅ ለ27 ነው። ዋሽንግተን በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸሙት በ1789 አፕሪል 30 ቀን፥ ከነፃነት ዐዋጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። የዜጎችን መብት የሚጠብቁት ዐሥሩ ማሻሻያዎች የጸደቁትም ተቃዋሚዎች አጥብቀው ስለ ጠየቁ በ1791 ነው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚያጠና ወጣት ዓመተ ምሕረቱን በቃል ከመያዝ አልፎ፥ ግብር የሚሰበስብ፥ ሕግ የሚያስፈጽምና በክርክር የሚታረም ሥርዓት እስኪቆም ድረስ ዐዋጅ ብቻውን መንግሥት እንደማይሆን ሊያስተውል ይገባዋል።