ከሮማ የዜና ወንበር፤ የወይዘሮ ሊሊ ግሩበር ሕይወትና ሥራ

ከሮማ ከተማ በስተሰሜን፣ ጥንታዊው የፍላሚንያ ጎዳና የቲቤርን ወንዝ ተከትሎ በሚወጣበት ሥፍራ፣ ሳክሳ ሩብራ የሚባል ቀበሌ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእናቱ ከንግሥት እሌኒ ጋር ስሙን በክብር የምታነሣው ቆስጠንጢኖስ በ312 ማክሴንትዮስን ድል ነሥቶ ወደ ሮማ የገባው በዚያ አካባቢ ተዋግቶ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ (በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በዚያው ምድር ላይ የሚታየው ሰፊ የሕንጻ ግቢ ለ1990 የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ ከየአገሩ ለመጡ የቴሌቪዥን ሠራተኞች ማዕከል ይሆን ዘንድ የታነጸ ሲሆን፣ ከውድድሩ በኋላ ራይ የተባለው የኢጣልያ የሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት የዜና ክፍሎቹን ሰብስቦ አኖረበት። ከዚህም ግቢ በየምሽቱ፣ እነርሱ 20 ሰዓት በሚሉት እኛ ግን የምሽት 2 ሰዓት በምንለው ጊዜ፣ ቲጂ ኡኖ የሚባለው የመጀመሪያው ጣቢያ ዜና ይሠራጫል፤ የአገራችንም ቴሌቪዥን ዋናውን ዜና ለረጅም ዘመን ያሰማን በዚሁ ሰዓት ስለ ሆነ፣ በሮማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለራት ተቀምጦ የዜናውን ዜማ ሲሰማ ልቡ ወደ አገሩ ቢሄድ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን ዜና የሚያቀርብ ሰው፣ ሳይጠራ በየቤቱ የሚገባ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ሰላምታ የማይቀበል፣ ሚሊዮኖች የሚያውቁት እርሱ ግን የማያውቃቸው ሰው ነው። በዚያ ወንበር ተቀምጦ ጦርነት ተጀመረ፣ መንግሥት ወደቀ፣ ምድር ተናወጠች ብሎ ሲናገር፣ የሚናገረው ቃል የማን ነው? የጸሐፊው ነውን? የአለቃው? የመንግሥቱ? ወይስ የራሱ? ይህን ለመመርመር፣ የዜናን ወንበር እስከ ላይኛው ደረጃ ወጥተው በፈቃዳቸው የወረዱትን የወይዘሮ ሊሊ ግሩበርን ታሪክ ማንበብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ወንበሩ ጥቂት ልናገር። የኢጣልያ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረው በጃንዋሪ 3 ቀን 1954 ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ዜና የሚያነቡት እንደ ሪካርዶ ፓላዲኒ ያሉ ድምፀ መልካሞችና ንባባቸው የጠራ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን አናጉንስጢስ የሚሠሩትን የመሰለ አገልግሎት ነበራቸው፤ አናጉንስጢስ የተጻፈውን መልእክት አሳምሮና አጥርቶ ለሕዝቡ ያሰማል እንጂ አንዲት ቃል እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ ሥልጣን አልተሰጠውም። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ አናጉንስጢስ የሚያነበው የሐዋርያትን ቃል ሲሆን፣ የቴሌቪዥኑ አንባቢ የሚያነበው በጊዜው የነበሩ ባለሥልጣናት ደስ ብሏቸው የፈቀዱትን ቃል ነበር።

ይህን ልማድ ለመለወጥ ከደከሙት መካከል አንዱ በ1961 የዜናው ዳይሬክተር ሆነው የተሾሙት ኤንዞ ቢያጂ ናቸው፤ እርሳቸው በሹመቱ ብዙ ባይቆዩም ዘሩ ግን በቀለ። በ1968 የቀትሩን ዜና ፒዬሮ አንጄላና አንድሬያ ባርባቶ ያቀርቡ ጀመር፤ ሁለቱም ጋዜጠኞች ስለ ነበሩ፣ ያን ጊዜ የሚያነበውና የሚያውቀው ሰው አንድ ሆነ። በ1963 የወጣው ሕግ የጋዜጠኞችን ማኅበር አቋቁሞ ነበርና፣ በኢጣልያ ባለ ሙሉ ማዕርግ ጋዜጠኛ ለመባል 18 ወር በአንድ የዜና ክፍል ተለማምዶ ሮማ ላይ የሚሰጠውን የጽሑፍና የቃል ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዛሬ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው በመልኩና በድምፁ ብቻ ሳይሆን በተፈተነ ሙያው ነው።

በ1975 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ራይን ከመንግሥት እጅ አውጥቶ ለምክር ቤቱ አሳልፎ ሰጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጣቢያ ዜናዎች ተለያይተው ቆሙ፤ ሦስተኛውም በ1979 ተጨመረ። ነገር ግን የአንድ ጌታ እጅ ሲላላ የብዙ ጌቶች እጅ ገባና፣ አንደኛው ለክርስቲያን ዴሞክራቶች፣ ሁለተኛው ለሶሻሊስቶች፣ ሦስተኛው ለኮሚኒስቶች ቀረበ። ዘመኑም የደም ዘመን ነበር፤ የቲጂ ኡኖ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ኤሚልዮ ሮሲ በጁን 1977 እዚያው ሮማ መንገድ ላይ ቀይ ብርጌድ በሚባለው ቡድን ታጣቂዎች እግራቸውን በጥይት ተመትተዋል። እነዚያ ዓመታት በኢጣልያ ዜና ማውራት ለሕይወት የሚያሰጋባቸው ዓመታት ነበሩ።

ወይዘሮ ሊሊ ግሩበር፣ ሙሉ ስማቸው ዲትሊንዴ፣ በ1957 በቦልዛኖ ተወለዱ። አገራቸው ደቡብ ቲሮል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የኦስትርያ የነበረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለኢጣልያ የተሰጠ፣ ሕዝቡም አብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆነ ተራራማ አገር ነው። ሙሶሊኒ በገዛበት ዘመን ጀርመንኛን ከትምህርት ቤት አስወጣ፣ የከተሞችንና የመንደሮችን ስም ለወጠ፤ ልጆችም የእናታቸውን ቋንቋ በስውር ይማሩ ነበር። ወይዘሮዋ በ2012 ባወጡት መጽሐፍ የቅድመ አያታቸውን የሮዛን የዕለት ማስታወሻ መሠረት አድርገው የዚያን ዘመን የቤተ ሰባቸውን ታሪክ ተርከዋል፤ ፋሺዝምን ብቻ ሳይሆን ከወገኖቻቸው ብዙዎችን ያሳተውን የናዚን ፈተና ሳይሸሽጉ መጻፋቸውን ከሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ፤ የራስን ቤት ኃጢአት በአደባባይ መናገር ቀላል ነገር አይደለምና።

ለእኛም ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በቲሮል ሕፃናት ቋንቋ ላይ የዘመተው አገዛዝ በአገራችን ላይ የዘመተው ያው አገዛዝ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ መያዝዋን ሙሶሊኒ ከሮማ ከፒያሳ ቬኔዝያ ሰገነት ሲያውጅ ቃሉን ለዓለም ያደረሰው ራዲዮ ነበረ፤ በሜዳና በሸንተረር ላይ ስለ ተረጨው የመርዝ ጢስ ግን ያ ራዲዮ አልተናገረም፤ የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን በይፋ ያመነው ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1996 ነው። እንግሊዞች በ1989 የፋሺስቶችን ግፍ የሚያሳይ ፊልም ሠርተው ራይ ከገዛው በኋላ ሕዝብ ሳያየው ለዓመታት መቀመጡም ይታወቃል። በሮማ ዜና የሚያቀርብ ሰው የሚናገረው ብቻ ሳይሆን የሚተወውም ለእኛ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ ይታወቃል።

ወይዘሮ ግሩበር በቬኔዝያ ካ ፎስካሪ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ቋንቋዎችንና ሥነ ጽሑፍን ከተማሩ በኋላ፣ በትውልድ አገራቸው ጋዜጦችና በቦልዛኖ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሙያውን ጀመሩ፤ ከዚያም ወደ ራይ የአውራጃ ዜና ገብተው፣ ቀጥሎ ወደ ሮማ ተጠሩ። በ1987 በሁለተኛው ጣቢያ ዋናውን የምሽት ዜና ሲያቀርቡ በኢጣልያ ታሪክ በዚያ ሰዓት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት እነ ቢያንካ ማርያ ፒቺኒኖ በ1970ዎቹ ለሴቶች በሩን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያየው ዋናው የምሽት ዜና የወንዶች ርስት ተደርጎ ኖሯል። ወይዘሮዋ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ዘወር ብለው፣ ክንዳቸውን በጠረጴዛው ላይ አስደግፈው መቀመጣቸው ያን ጊዜ ብዙ አነጋገረ፤ ከቀዩ ጠጉራቸው ጋር የታወቁበት ምልክታቸው ሆኖም ቀረ።

ሥራው ከውጭ ሲታይ የንባብ ሥራ ይመስላል። ውስጡ ግን እንዲህ ነው፦ በማለዳ የአዘጋጆቹ ጉባኤ ተሰብስቦ የቀኑ ነገር ይመዘናል፤ የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው እንደሚከተል፣ የትኛውም እንደሚቀር ይወሰናል፤ ይህ ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሊለወጥ ይችላል። አቅራቢው የየዘገባውን መግቢያ ራሱ ይጽፋል ወይም የተጻፈውን በራሱ አንደበት ይለውጣል። በስቱዲዮ ውስጥ ጽሑፉ በካሜራው ዓይን ፊት በቆመ መስተዋት ላይ እየወጣ ስለሚያልፍ፣ አንባቢው የሚያነበውን እያየ ተመልካቹን የሚያይ ይመስላል፤ መሣሪያው ቢበላሽ ደግሞ ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ይጠብቃል። በጆሮው ውስጥ የሥርጭት መሪው እየተናገረው፣ አፉ ሌላ እየተናገረ፣ ዓይኑ የሚመጣውን ዐረፍተ ነገር እየቀደመ፣ ፊቱ ግን እንደ ጸጥተኛ ውኃ ረግቶ ይታያል። ይህን ሁሉ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ተሸክሞ አለመሰናከል የብዙ ዓመት ትምህርት ፍሬ ነው።

ሆኖም ወይዘሮ ግሩበር በወንበሩ ብቻ አልተወሰኑም። በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ከሥፍራው ዘገቡ፤ ከባልደረባቸው ከፓኦሎ ቦሬላ ጋርም ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ አወጡ። በ1990 ወደ ቲጂ ኡኖ ተዛውረው ከጊዜ በኋላ የምሽት 2 ሰዓቱን ዜና ለማቅረብ በቁ። በ2003 የአሜሪካ ጦር ኢራቅን ሲወጋ በባግዳድ ተቀምጠው ጦርነቱን ለኢጣልያ ሕዝብ አሰሙ፤ የውጭ ጋዜጠኞች ያደሩበት የፓለስቲን ሆቴል በታንክ ጥይት ተመትቶ ሁለት የካሜራ ሠራተኞች የሞቱት በዚያ ጦርነት ነው። በእኔ አስተያየት የአቅራቢ ቃል ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ቦምብ የወደቀበትን አደባባይ በእግሩ የረገጠ ሰው ቦምብ ወደቀ ሲል ያየውን ይመሰክራል።

ፈተናው ግን ከባግዳድ ሳይሆን ከሮማ መጣ። ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ የሦስት የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት ሳሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ሆኑ፣ የራሳቸው ጣቢያዎች በገንዘባቸው፣ የራይ ጣቢያዎች በሥልጣናቸው ሥር ወደቁ የሚል ክርክር በአገሩ ሁሉ ተነሣ። በአፕሪል 18 ቀን 2002 ሶፊያ ላይ ሲናገሩ ኤንዞ ቢያጂን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በስም ጠርተው በሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ በደል ፈጽመዋል ብለው ወቀሱ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ሦስቱም ከራይ ታጡ። ያን ጊዜ ቢያጂ የ81 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ወደ ራይ የተመለሱት በ2007 ሲሆን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ዐረፉ። እኒህ አዛውንት የወጣትነታቸውን ጉልበት ከሰጡት ቤት በዚህ ዓይነት መውጣታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ወይዘሮ ግሩበር በ2004 የዜናው ነጻነት ጠፍቷል ብለው በመቃወም ቲጂ ኡኖን ለቀቁ። ደመወዙ፣ ዝናው፣ በየምሽቱ በሚሊዮኖች ፊት የመታየት ክብር ሁሉ በእጃቸው ሳለ መተዋቸው ነው። በዚያው ዓመት በጁን ለአውሮፓ ምክር ቤት ተወዳድረው ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ የሚበልጥ ድምፅ አገኙ፤ ሮማ በምትገኝበት በመካከለኛው የምርጫ ክልል ቤርሉስኮኒን ራሳቸውን በለጡ። በዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸሽግ ልናገር፦ ወንበሩን መልቀቃቸውን እንደማከብረው ያህል፣ ወደ ፖለቲካ ጉባኤ መግባታቸውን አላከብረውም፤ ለአንድ ወገን የቆመ ምስክር የቀድሞ ምስክርነቱን ጭምር ለጥርጣሬ አሳልፎ ይሰጣልና። ምናልባት እርሳቸውም ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ የምክር ቤቱ ዘመን ሳይፈጸም በ2008 ሥልጣናቸውን ትተው ወደ ጋዜጠኝነት ተመለሱ።

የተመለሱት ወደ ራይ ሳይሆን ላ ሴቴ ወደሚባለው የግል ጣቢያ ነው፤ ያን በራይ መዝገብ ቤት የተቀመጠውን የፋሺስቶች ግፍ ፊልም በ2004 ከፊሉን ለሕዝብ ያሳየ ጣቢያ ነው። በዚያም ቀድሞ ጁልያኖ ፌራራ ያቀርቡት የነበረውን ኦቶ ኤ ሜዞ የተባለ የውይይት ዝግጅት ተረክበው፣ ከሴፕቴምበር 2008 ጀምሮ ከሮማ ሲያቀርቡት ኖረዋል። ሰዓቱ የምሽት 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከእርሳቸው በፊት ያለውን ዜና የጣቢያው የዜና ዳይሬክተር ኤንሪኮ ሜንታና ሲያቀርቡ ቆይተው፣ ዜናው እንዳበቃ የወይዘሮዋ ጠረጴዛ ይከፈታል። አሁን መስተዋት ላይ የሚያልፍ የሌላ ሰው ጽሑፍ አያስተዳድራቸውም። ሚኒስትሩም፣ ተቃዋሚውም፣ የታሪክ ሊቁም፣ የጋዜጣ አዘጋጁም በፊታቸው ይቀመጣሉ፤ እርሳቸው ጥያቄያቸውን አሳጥረው ያቀርባሉ፣ እንግዳው መልሱን ትቶ ሌላ ነገር ሲጀምር ንግግሩን አቋርጠው ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ይደግሙታል።