የተከሰሰ ተጫዋችና የሜዳው ክብር
ሚስቱን በመደብደብ የተከሰሰ ተጫዋች ፍርድ ሳይሰጥ ከሜዳ ሊርቅ ይገባልን?

በአሜሪካ የባልቲሞር ቡድን ተጫዋች ሬይ ራይስ፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. እጮኛውን በመምታቱ ከ2 ግጥሚያዎች ብቻ ታገደ። ድርጊቱን የሚያሳየው ፊልም ለሕዝብ በታየበት ዕለት ግን ቡድኑ አሰናበተው፤ ማኅበሩም ያለ ገደብ አገደው። ይህን ሁለተኛ ዕግድ ገላጋይ ዳኛ ሻሩት። ጥፋቱ ያው ሳለ የተለወጠው የተመልካች ዓይን ነበር።

የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ግን ነገሩ እስኪጣራ ተጫዋቹ ደመወዙ ሳይቋረጥ እስከ 7 ቀን ከጨዋታ እንዲገለል ይፈቅዳል።

ይህ ቅጣት አይደለም፤ ሒሳብ እስኪመረመር ገንዘብ ያዡን ከካዝናው እንደ ማራቅ ያለ ጥንቃቄ ነው። የተከሳሹ እንጀራ ሳይነካ የተበዳይቱ ቃል ይደመጣል። እንግዲህ ከጭብጨባው ምርመራው ይቅደም።